ሁለቱም ወገን ቀይ ሲለብስ

በየዓመቱ ጁላይ 12 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ማለት ነው፣ የሰሜን አየርላንድ ከተሞች በከበሮና በዋሽንት ድምፅ ይሞላሉ። ብርቱካናማ ጨርቅ ከአንገታቸው ያጠለቁ ሰዎች ተሰልፈው ያልፋሉ። በያዙት ባንዲራ ላይ ነጭ ፈረስ የጋለበ ንጉሥ ወንዝ ሲሻገር ይታያል። ንጉሡ ዊሊያም 3ኛ ነው፣ ወንዙ ደግሞ ቦይን። ጦርነቱ የተካሄደው በ1690 ነው (ካልተጠቀሰ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ ናቸው)። ሰልፈኞቹ የሚያከብሩት ፕሮቴስታንቱ ንጉሥ ካቶሊኩን ጄምስ 2ኛን ድል ያደረገበትን ቀን ነው። ለብዙ ካቶሊኮች ግን ያው ከበሮ የመሸነፍ ማስታወሻ ነው። ከ300 ዓመት በላይ ያለፈው ጦርነት ዛሬም የሚታወሰው በሁለት ቀለም ነው፦ በብርቱካናማና በአረንጓዴ።

ይህ የሁለት ቀለም ታሪክ የማይበቃው አንድ ዓይነት ሰው አለ። የፖለቲካ ሰው ላይሆን ይችላል። የታሪክ ፕሮፌሰርም አይደለም። የቦይንን ጦርነት ቁመታቸው ከአውራ ጣት ባነሰ ወታደሮች ጠረጴዛ ላይ መልሶ ሊያቆም የተነሣ ሰው ነው። ቡሩሹን ቀለም ውስጥ ከመንከሩ በፊት የሚነሣበት ጥያቄ ተራ ነው፤ "ኮታቸው ምን ዓይነት ቀለም ነበረው?"

መልሱ ግን ተራ አይደለም። ከዊሊያም ጋር የተሰለፉት እንግሊዛውያን በአብዛኛው ቀይ ይለብሱ ነበር። ከጄምስ ጋር የተሰለፉት አየርላንዳውያንም፣ ልብስ የደረሳቸው፣ በብዛት ቀይ ነው የለበሱት። ጄምስ ራሱን የእንግሊዝ ሕጋዊ ንጉሥ አድርጎ ስለሚቆጥር ሠራዊቱም የንጉሥ ሠራዊት ልብስ ይገባዋል። ስለዚህ በጭሱ መሃል ወዳጅና ጠላት እንዳይደባለቅ ምልክት አስፈለገ። የጄምስ ወታደሮች ባርኔጣቸው ላይ ነጭ ወረቀት ሰኩ። የዊሊያም ወታደሮች የሰኩት ደግሞ አረንጓዴ ቅጠል ነበር።

አዎ፣ አረንጓዴ። ዛሬ የብርቱካናማው ወገን አባት ተብሎ የሚከበረው ንጉሥ ወታደሮቹን ወንዙን ያሻገራቸው ቅጠል አሰክቶ ነው። "ኦሬንጅ" የሚለውም ቃል የዊሊያም ቤተሰብ በፈረንሳይ ደቡብ ከነበረ ግዛት የወረሰው የማዕረግ ስም ነው። ቀለሙ ከስሙ በኋላ መጣ። ይህን ያወቀ ሰው ትናንት በሁለት ቀለም ይበቃኛል ያለውን ሥራ እንደገና ከሥሩ መጀመሩ አይቀርም። "ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ" እንዲሉ።

ሥራው ምንድን ነው?

በጥቃቅን ወታደሮች የጦርነት ጨዋታ መጫወት አዲስ ነገር አይደለም። የፕሩሲያ መኮንኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በካርታና በዳይስ ውጊያ ይለማመዱ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች የጨዋታ ደንብ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ። ዌልስ በመጽሐፉ የተከራከረው ትንሹ ጦርነት ከትልቁ ይሻላል ብሎ ነው። በዓመቱ ትልቁ ጦርነት ፈነዳ።

ዛሬ በዚህ ሥራ የሚጠመዱ ሰዎች ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተቀረጹ ምስሎችን ይገዛሉ። በብዛት የሚታወቀው መጠን 28 ሚሊ ሜትር ነው፤ 15ም፣ 6ም አለ። ምስሉ ይጸዳል፣ መሠረት ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ፊቱ፣ ኮቱ፣ ቀበቶው፣ ጠመንጃው በየተራ በቀጭን ቡሩሽ ይሠራል። በመጨረሻም በኮላ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍና ሥሩ አሸዋና ሣር ይነሰነስበታል። ወንዙ፣ ኮረብታው፣ ረግረጉና የድንጋይ አጥሩም ይሠራል። ከዚያ ሁለት ሰዎች በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ይቆሙና በደንብና በዳይስ ጦርነቱን ያካሂዱታል።

ቦይን ላይ ዊሊያም 36,000 ያህል፣ ጄምስ ደግሞ 25,000 ያህል ሰው ነበራቸው። አንዱ ምስል 50 ሰው ይወክል ቢባል ለአንዱ ወገን 720፣ ለሌላው 500፣ በድምሩ 1,220 ምስል ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ አንድ ሰዓት ቢሰጥና በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ቢሠራ 610 ምሽት ይፈጃል፤ 20 ወር መሆኑ ነው። 20 ወር ሙሉ በየምሽቱ ከአንድ ጦርነት ሰዎች ጋር የሚያመሽ ሰው ስለዚያ ጦርነት በጩኸት መናገር እየከበደው ቢሄድ አይገርምም።

የቆሙት እነማን ነበሩ?

ሠሪው ከኮቱ ቀለም ቀጥሎ የሚፈልገው የሰልፉን ዝርዝር ነው፤ የትኛው ሬጅመንት የት ቆመ፣ ከየት መጣ፣ ማን አዘዘው። ዝርዝሩ ሲወጣ "ፕሮቴስታንት ከካቶሊክ፣ እንግሊዝ ከአየርላንድ" የሚለው ታሪክ መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

በዊሊያም ሰልፍ እንግሊዛውያን፣ ስኮትላንዳውያንና የአልስተር ፕሮቴስታንቶች አሉ። ግን ወንዙን በኦልድብሪጅ በኩል መጀመሪያ ደፍረው የገቡት ሰማያዊ የለበሱት የሆላንድ ዘበኞች ናቸው፤ ከነሱ መካከልም ካቶሊኮች ነበሩ። የዴንማርክ ንጉሥ በውል ያከራያቸው 7,000 ያህል ወታደሮች አሉ። በሃይማኖታቸው ምክንያት ከፈረንሳይ የተሰደዱ ሁገኖቶችም አሉ። አዛዣቸው ሾምበርግ በጀርመን ተወልዶ ለፈረንሳይ ማርሻል እስከመሆን ያገለገለ፣ ሰባዎቹን ያጋመሰ ሽማግሌ ነው። በዚያ ቀን ወንዙ ዳር ሞተ።

በጄምስ በኩልም እንዲሁ ነው። አየርላንዳውያኑ እግረኞች ብዙዎቹ በቂ ሥልጠና ያላገኙ ገበሬዎች ነበሩ፤ ጠመንጃ ያጣም ነበረባቸው። ፈረሰኛው ግን በጀግንነት ተዋግቷል። ከጎናቸው ሉዊ 14ኛ የላካቸው 6,000 ያህል ወታደሮች ቆመዋል፤ ከነዚህም ጀርመኖችና ዋሎኖች ይገኙበታል። ከበላይ ሲታይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ዊሊያም በአውሮፓ ከካቶሊኮቹ ከስፔንና ከኦስትሪያ ጋር ተባብሮ ሉዊን የሚወጋ ንጉሥ ነው። የሮም ጳጳሳትም በዚያ ዘመን ከሉዊ ጋር ተቃቅረው ነበር። አየርላንድ ከትልቁ የአውሮፓ ጦርነት አንዱ ግንባር ነበረች። የሁለቱ ነገሥታት ጠብ ገበሬው ደጃፍ ላይ መጥቶ ተተኮሰ።

ይህ ማለት ሃይማኖትና መሬት ቁም ነገር አልነበሩም ማለት አይደለም። ለአየርላንድ ካቶሊክ የጄምስ መሸነፍ ከመሬቱና ከመብቱ መነቀል ሆኖበታል፤ ከዚያ በኋላ የወጡት ሕጎች ለትውልዶች አጎሳቁለውታል። ለአልስተር ፕሮቴስታንትም የዊሊያም መሸነፍ የህልውና ጥያቄ ነበር። የሁለቱም ፍርሃት እውነተኛ ነው። የተሳሳተው ግን ከ300 ዓመት በኋላ ሰልፉን ሁሉ በሁለት ቀለም የቀባው ትዝታ ነው።

30 ምስል

ጠረጴዛው ሌላም ነገር ያስተምራል፤ መጠንን። ዊሊያም የሠራዊቱን ሲሶ ያህል በሮስናሪ በኩል ወደ ላይ ልኮ ወንዙን አሻገረ። ጄምስ መከበቡን ፈርቶ ፈረንሳዮቹን ጨምሮ ከግማሽ በላይ ሠራዊቱን ወደዚያ አዞረ። ሁለቱ ወገኖች ተፋጠጡ፤ በመካከላቸው ግን ረግረግና ገደላማ ቦይ ነበረ፤ መሻገር አልተቻለም። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቆሞ ተያይቶ ዋለ። በታላቁ ጦርነት ቀን እዚያ የቆመው አብዛኛው ወታደር አልተዋጋም። ሠሪው እነዚህንም ምስሎች ቀብቶ፣ ለጥፎ፣ አሰልፎ፣ ከዚያ ምንም ሳያደርጉ ሊያያቸው ይገደዳል።

የሞተው ሰው በሁለቱም ወገን 1,500 ገደማ ይገመታል። በ50 ሲካፈል 30 ምስል ነው። ከ1,220ው 30 ብቻ፤ ከ40 አንዱ መሆኑ ነው።

ከዓመት በኋላ ጁላይ 12 ቀን 1691 ኦግሪም በተባለ ቦታ ሌላ ጦርነት ተደረገ። በየወገኑ 20,000 ያህል ሰው ተሰለፈ። የዊሊያምን ጦር የመራው ሆላንዳዊው ጊንክል ነው፤ የጄምስን ወገን የመራው ፈረንሳዊው ሳን ሩት በመድፍ ጥይት አንገቱ ተቆርጦ ሞተ። የሟቾቹ ቁጥር ከ5,000 እስከ 7,000 ይገመታል። በጠረጴዛው ስሌት ከ800 ምስል ከ100 እስከ 140 መነሣት አለበት። ቢያንስ ከስምንት አንድ ሰው ማለት ነው። የአየርላንድ ካቶሊክ ጦር እዚያ ተሰበረ። በዚያው ዓመት የሊመሪክ ውል ተፈረመና ሳርስፊልድ የሚባለው አዛዥ 14,000 ያህል ወታደሮች አስከትሎ ወደ ፈረንሳይ ተሰደደ።

ታዲያ ከአየርላንድ ውጭ ስንት ሰው የኦግሪምን ስም ያውቃል? ቦይን ግን በዘፈን፣ በግድግዳ ሥዕልና በባንዲራ ላይ አለ። ምክንያቱ አንዱ ቦይን ላይ ሁለት ነገሥታት በአካል መገኘታቸው ነው። ንጉሥ የዋለበት ሜዳ ይዘፈንለታል፣ ገበሬ ያለቀበት ሜዳ ይረሳል። የሚገርመው ቀኑም ራሱ የኦግሪም መሆኑ ነው። የቦይን ጦርነት በዚያን ጊዜው የእንግሊዝ አቆጣጠር የተደረገው ጁላይ 1 ቀን ሲሆን በአዲሱ አቆጣጠር ጁላይ 11 ይሆናል። ጁላይ 12 ቀድሞ የሚታሰብበት ኦግሪም ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አቆጣጠሩ ተቀየረና ሁለቱ መታሰቢያዎች ተደባለቁ፤ በመጨረሻም ቦይን ቀኑን ወረሰው። አቆጣጠር ሲለያይ ምን ዓይነት ግራ መጋባት እንደሚመጣ ለኢትዮጵያ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማን ጻፈው? ማን ሣለው?

ወደ ኋላ በተኬደ ቁጥር ጥያቄው ይከብዳል። በ1014 ክሎንታርፍ ላይ የተደረገውን ጦርነት በጠረጴዛ ለማቆም የሚነሣ ሰው በትምህርት ቤት የሰማው "ብራያን ቦሩ ቫይኪንጎችን ከአየርላንድ አባረረ" የሚለውን ነው። የሰልፉን ዝርዝር ሲፈልግ ግን በብራያን ተቃራኒ የቆመው የአየርላንዱ የሌንስተር ንጉሥ ማይል ሞርዳ መሆኑን ያገኛል። የደብሊኑ የቫይኪንግ ንጉሥ ሲትሪክ ደግሞ የብራያን ልጅ ባል ነበር። ብራያን በዚያ ቀን ሞተ፤ ሲትሪክ ግን ከዚያ በኋላ ደብሊን ላይ ከ20 ዓመት በላይ ነገሠ።

ስለ ጦርነቱ በሰፊው የሚተርከው ጥንታዊ ጽሑፍ የተዘጋጀው ከ100 ዓመት ገደማ በኋላ፣ የብራያን ተወላጆች ሥልጣን ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። የአያትን ዝና ከፍ ማድረግ የልጅ ልጅን ዙፋን ያጸናል። የቫይኪንጎቹ የቀንድ ባርኔጣም የ19ኛው ክፍለ ዘመን የመድረክ ልብስ ሰፊዎች ፈጠራ ነው። አሻንጉሊቱን ገዝቶ ቀንዱን በፒንሳ የሚቆርጥ ሰው በእጁ የታሪክ ሒስ እየሠራ ነው።

የ16ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ወታደር ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ብዙ ጊዜ የሚታየው የጆን ዴሪክ ሥዕል ነው፤ በ1581 የታተመ። ዴሪክ እንግሊዛዊ ነው። መጽሐፉም አየርላንድን ሊያስገብር የሄደውን የእንግሊዝ ገዥ የሚያወድስ ነው። የአየርላንዱ ተዋጊ ሰፊ እጅጌ፣ ካባውና ጎራዴው የደረሱን ሊያጠፋው በመጣ ሰው ዓይን በኩል ነው። ሠሪው ሥዕሉን አይጥለውም፤ ሌላ ብዙ የለውም። ግን ልብሱን ሲወስድ ስድቡን ይተወዋል። ይህን መለየት በየቀኑ ዜና የሚያነብ ሰው ሁሉ የሚያስፈልገው ችሎታ ነው።

ከቦይን እስከ መቅደላ

የአየርላንድን ወታደር በቡሩሽ የሚከተል ሰው መድረሻው አየርላንድ ላይ አያበቃም። ከሊመሪክ የተሰደዱት ልጆች በ1745 ፎንቴኖይ ላይ ከፈረንሳይ ጎን ቆመው እንግሊዝን ሲወጉ ያገኛቸዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ የእንግሊዝን ልብስ ለብሰው ያገኛቸዋል፤ ከቦታዎቹም አንዱ መቅደላ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ ከሁሉ ቀድመው ከገቡት መካከል ከ33ኛው ሬጅመንት የነበሩት ጄምስ በርጊንና ማይክል ማግነር ይገኛሉ። ለዚህም ሁለቱም ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ትልቁን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለሙ። ሁለቱም አየርላንዳውያን ናቸው። ከነሱ ልደት ብዙም ሳይርቅ፣ በ1840ዎቹ፣ አየርላንድ ውስጥ በረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው አልቋል፤ መንግሥቱም ይኸው ያገለገሉት መንግሥት ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ሽጉጣቸውን በጠጡበት ቀን አምባው ላይ የወጣውን "እንግሊዝ" ብሎ መጥራት ስህተት አይደለም። ግን አንዱን ምስል አንስቶ ፊቱን ለመቀባት የሚሞክር ሰው ከዚያ ስም በታች ሌላ የተበደለ አገር ልጅ ያገኛል። ይህ የመቅደላን በደል አይቀንስም። በደል እንዴት እንደሚሠራ ግን ያሳያል፤ የድሃ ልጅ ለሌላው ድሃ ደጃፍ ደሞዝ ይከፈለዋል።

ጨዋታ ነው?

በዚህ ሥራ ላይ የሚነሣ ከባድ ወቀሳ አለ። ሰው ባለቀበት ነገር መጫወት ነውር አይደለም? ወቀሳው ሊናቅ አይገባም። ጠረጴዛው ላይ የሞተ ምስል ወደ ሳጥኑ ይመለሳል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይነሣል። እናቱ አታለቅስም። የሚሸጡት ምስሎች የሚተኩሱና የሚጋልቡ ናቸው፤ በተቅማጥ የሚሞት ወታደር የሚሠራ የለም። በ1689 የሾምበርግ ጦር ደንዶክ ላይ ሰፍሮ ሳለ ግን በሺዎች የሚቆጠር ሰው የጨረሰው በሽታ ነበር፤ ቦይን ላይ በሁለቱም ወገን ከሞተው ይበልጣል። የተቃጠለው ቤት፣ የተነዳው ከብት፣ የተሰደደችው ሴት የጨዋታው ደንብ ውስጥ የሉም። የቁልፍ ቀለም ሲያጣራ አምሽቶ ቁልፉን የለበሰውን ሰው የሚረሳም ሞልቷል።

ስለዚህ ጠረጴዛው ጦርነትን ያሳያል ብሎ መመስከር አይቻልም። ከሰልፉና ከግድግዳው ሥዕል ጋር ሲወዳደር ግን አንድ ብልጫ አለው፦ ተቃራኒውን ወገን የግድ ያሠራል። ከበሮ የሚመታ ሰው የራሱን ወገን ብቻ ይዞ ጎዳናውን መጨረስ ይችላል። ጠረጴዛ ግን አንድ ወገን ብቻ ይዞ ጦርነት አይሆንም። ብርቱካናማ ቤት ያደገው ልጅ 500 የጄምስ ወታደሮችን ተቀምጦ ይቀባል፤ አረንጓዴ ቤት ያደገውም 720ውን። በጨዋታውም አንዳንዴ ቦታ መቀያየር ግድ ነው።

ይህ የትርፍ ሰዓት ወሬ ብቻ አይደለም። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998 በሰሜን አየርላንድ ግጭት ከ3,500 በላይ ሰው ሞቷል። ግጭቱ የመኖሪያ ቤት፣ የሥራ፣ የድምፅና የአገር ጥያቄ ነበረው፤ የተለኮሰውና የተቆሰቆሰው ግን በታሪክም ጭምር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በድራምክሪ "ሰልፋችን በዚህ መንገድ ያልፋል፣ አያልፍም" በሚል ብቻ አገር ተናውጧል።

ያው ታሪክ በሌላ እጅ ሲያዝ ሌላ ነገር ሊሆንም ችሏል። በሜይ 2007 ዕድሜውን ሙሉ ለካቶሊኮች ፖለቲካ እጅ አልሰጥም ሲል የኖረው ፓስተር ኢያን ፔይዝሊ የአየርላንዱን ጠቅላይ ሚኒስትር በርቲ አኸርንን በቦይን ሜዳ አገኘው። የዚያን ዘመን አንድ ሙስኬት ጠመንጃም አስረከበው። በዓመቱ ኦልድብሪጅ ላይ የሁለቱንም ወገን ታሪክ የሚያሳይ የጎብኚዎች ማዕከል ተከፈተ፤ ወጪውም የአየርላንድ መንግሥት ነው፣ ማለትም የተሸናፊው ወገን ወራሽ የሚባለው።

ያለፈ ጦርነትን ስም እየጠሩ ሕዝብ ማንቀሳቀስ የአየርላንድ ብቻ ጠባይ አይደለም። የትኛውም አገር የሚገኝ ሰው የአያቶቹን ጦርነት ጠርቶ ዛሬ ሊያስነሣው ሲመጣ ያንን አውራ ጣት የማያክል ወታደር የሚቀባውን ሰው ጥያቄዎች መጠየቅ ይጠቅማል። ምን ለብሶ ነበር? ደሞዙን ማን ከፈለው? ከጎኑ ማን ቆመ? ስንቱ ሳይተኩስ ዋለ? የተረከልን ማን ነው፣ ሲተርክስ ማንን ሊያነግሥ ነበር? ለእነዚህ መልስ ሳይኖረው የሚጮህ ሰው የሚያውቀው ባንዲራውን ብቻ ነው።